የወገብ ላብ

አረጋ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጥይቱ በቀኝ ጆሮ ግንዱ ገብቶ በግራ ሲወጣ የራስ ቅሉን ፈልጦታል። በግራው ያለው ኖራ ቅብ ግድግዳ እስከ ጣሪያው ደም ተረጭቶበታል፤ ደሙ ወደ ታች ወርዶ ረግቷል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ አርፏል፤ በጣቶቹ መሐል መዳፍ የምታህል ጥቁር ሽጉጥ አለች።

ኢንስፔክተር ዓይናዲስ ከደፉ ሳታልፍ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። ቤቱ ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለ የእንግዳ ማረፊያ ነው። እንግዳ ከጠፋ ቆይቷል። አረጋ ይህን ክፍል ለራሱ የመረጠው መስኮቱ መንገዱን፣ በሩ ግቢውን ስለሚያሳየው ነበር። ወንበሩን ጥግ አስይዞታል። ከኋላ ደግሞ ወደ ጓሮ የሚያወጣ ትንሽ በር አለ። ከወንበሩ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት በሚያነካካ ቅርበት፣ አንድ በርጩማ አለ።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አለ ሳጅን አዳም። «አፈሙዙ ቆዳውን አቃጥሎታል። ግን እነዚያ ይህን መስማት አይፈልጉም።»

እነዚያ የተባሉት ለዛሬው እርቅ ከሙጃ የመጡት የአረጋ ዘመዶች ናቸው። የግቢውን በር በጠመንጃ ሰደፍ ይደበድባሉ። ከሁሉም በላይ የአጎቱ ልጅ የበእውቀቱ ድምፅ ይሰማል።

«ያንን የብልባላ ሰው፣ ምስክርን፣ አውጡልን! ካላወጣችሁ ብልባላ ወርደን ቤቱን ከነሰዉ እናነደዋለን!»

ዓይናዲስ ነገሩን ታውቀዋለች፤ በላስታ የማያውቀው የለም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጦርነቱ ፍርድ ቤቱን ዘግቶ ፖሊሱን በበተነበት ሰሞን፣ የአረጋ ታናሽ ወንድም አለሜ ኩልመስክ ሰርግ ውሎ ሲመለስ በጥይት ተመትቶ ሞተ። አብሮት የነበረው የአረጋ የልብ ጓደኛ ኢያቄም ብቻ ነው። ኢያቄም «የብልባላው ምስክር ከገደሉ ማዶ፣ ከካብ ጀርባ ሆኖ ተኮሰበት፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። አለሜና ምስክር በእርሻ ድንበር ተጣልተው ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም። አረጋ ቀብሩ እንዳለቀ ብልባላ ወርዶ ምስክርን በሬ እንደጠመደ ተኮሰው። ምስክር አልሞተም፤ ጉልበቱ ደቅቆ እግሩ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ አረጋ የምስክርን ወንድሞች በቀል እየፈራ ሽጉጥ ከወገቡ ሳይለይ ኖረ። ዛሬ ደግሞ አረጋንና ምስክርን ፊት ለፊት አገናኝቶ ደሙን ለማድረቅ ቀጠሮ የተያዘበት ቀን ነበር።

ዓይናዲስ ወደ አስከሬኑ ተጠጋች። ሽጉጧን በመሐረብ ይዛ ከጣቶቹ አላቀቀቻት፤ ካዝናዋን አወጣች፣ በውስጧ የጎረሰውንም ጥይት አራገፈች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላበጠቻት። ጽሑፍ የተቀረጸበት ግራ ጎኗ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ጥቁር ነው። ቀኝ ጎኗ ግን ቡናማ ሆኗል፤ ቀለሙ ተልጦ ዝገት ብረቱን ነቃቅሶታል። የሟቹን ሸሚዝ ገለጥ አደረገች። ቀኝ ወገቡ ላይ፣ ከሱሪው ውስጥ፣ ላብ ያጠቆረው የቆዳ አፎት ባዶውን ተሰክቷል። ከሥሩ ያለው ገላ ከመፈግፈግ ብዛት እንደ ተረከዝ ጠንክሯል።

ቀና አለችና የራሷን ሽጉጥ ከቀኝ ወገቧ መዝዛ ጎኗን አየች። መልሳ ከተተቻት።

«ምን አዩ?» አላት አዳም።

«ላብ» አለችና ወጣች።

የአረጋ ሚስት ሰብሌ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። የባሏን ራስ ደግፋ ለማንሳት ስትሞክር የነካት ደም እስከ ክርኗ ደርቆባታል።

«እህቴ፣ እግዜር ያጥናሽ» አለቻት ዓይናዲስ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ። «ስለ ሽጉጡ ንገሪኝ።»

«ሁለተኛ ሚስቱ በያት» አለች ሰብሌ። «ማታ ትራሱ ሥር፣ ቀን ወገቡ ላይ ናት። በጋ ሲሆን ጎኑ ይላጣል፤ ቅቤ እቀባዋለሁ። ሱሪው ሁሉ የሚያልቀው በቀኙ በኩል ነው። ትወጋዋለችና ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ትቶ ነበር። ልጃችንን እንኳ በግራው ብቻ ነው የሚያቅፋት። ቤተ ክርስቲያን መሣሪያ አይገባ፣ እሱ አያወልቅ! ይኸው ይህን ሁሉ ጊዜ ከቅጥር ውጭ ቆሞ ሲያስቀድስ ኖረ።»

«ጥይት አጉርሶ ነው የሚይዛት?»

«ኧረ አያጎርስም! ልጅቷ አንድ ቀን ከትራሱ ሥር አውጥታ ስትጫወትባት አገኛት። ከዚያ ወዲህ ጥይቱን ከካዝናው አሳልፎ አያውቅም። ኢያቄም ይስቅበት ነበር።»

«ኢያቄምም አለው?»

«አንድ ቀን ነው የገዟቸው፣ ወልድያ ሄደው። መንታ ናቸው፤ ለይተሽ አታውቂያቸውም። የእኛይቱ ሳጥን ውስጥ ነበረች፤ አረጋ የታጠቃት አለሜ ሲሞት ነው። ኢያቄም ግን ከገዛት ጀምሮ ከወገቡ ለይቷት አያውቅም።»

«ዛሬ ጠዋትስ ምን ሆነ?»

ሰብሌ የደረቀውን ደም በጥፍሯ ፋቀች። «ኢያቄም ከሁሉም ቀድሞ መጣ። አረጋ ‹ብቻችንን የምንነጋገረው አለ› ብሎ አስወጣኝ። ትንሽ ቆይቶ ኢያቄም ‹የእርቁን በግ ልየው› ብሎ ወደ ጓሮ ሲያልፍ አየሁት። ከዚያ ተኩሱን ሰማሁ። እየሮጥኩ ስገባ ኢያቄምም በጓሮ በር ገባ። አረጋዬ እንደዚያ ሆኖ…»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው።

አስታራቂው ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ቆመዋል። ከጎናቸው ምስክር ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ይፍቱኝ አባ። ሲተኮስ የት ነበሩ?»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። ምስክር ዳገቱ ቢያደክመው መንገድ ዳር አረፍ አለ። እኔ ሽማግሎቹን ልጠራ ጎረቤት ገባሁ። ድምፁን የሰማሁት እዚያ ሳለሁ ነው።»

«ምስክር ብቻውን ነበር ማለት ነው።»

«አዎ፣ ብቻዬን ነበርኩ» አለ ምስክር ሳይጠየቅ። «ይሰሩኝ። ያ ሰው ግን የዚህን እንጨት ድምፅ ከመንገድ ሲሰማ ነው እጁን ወገቡ ላይ የሚያደርገው።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ላከብኝ። ‹ወንድሜን አንተ እንዳልገደልከው አሁን ገባኝ› ብሎ። ይህን ከአፉ ልሰማ መጣሁ።» ክራንቹን አንስቶ መሬቱን መታው። «ሳልሰማው ቀረሁ!»

ዓይናዲስ ወደ ቄሱ ዞረች። «እንዴት ገባው አባ?»

«በቅርቡ መጥቶ ‹ወንድሜን ሲገንዙ ምን አዩ?› አለኝ። ያየሁትን ነገርኩት። የአለሜ ኩታ ጥይቱ በገባበት፣ ታፋው ላይ፣ ተቃጥሎ ጠቁሮ ነበር። ጥይቱም ከታፋው ወደ ላይ ሆዱን ቀዶ ነው የሄደው። እኔ የመሣሪያ ነገር አላውቅ፤ የጠየቀኝም አልነበረም። አረጋ ይህን ሲሰማ ከቆመበት ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ‹እንግዲያው ከእርቁ በፊት ኢያቄም መስቀል ይዞ ይማልልኛል› አለኝ።»

ኢያቄም ጓሮ፣ ከታሰረው በግ አጠገብ ነበር። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ለእርቁ ብሎ ኮት የደረበ ሰው ነው። ዓይኑ ከልቅሶ ብዛት ቀልቷል። እንባውን በቀኝ እጁ ጠረገ፤ ግራ ክርኑ ከጎኑ አልተላቀቀም።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «ያቺን እግር ሲያስብ እንቅልፍ አልነበረውም። ከምስክር ጋር ዓይን ለዓይን መተያየቱን ስላልቻለ ነው ራሱን ያጠፋው።»

«ይሆናል» አለች ዓይናዲስ። «አንተም ሽጉጥ እንዳለህ ሰማሁ። እኔ ሥራ ሆኖብኝ ነው የምይዘው፤ ወገቤን ጨርሶታል። አንተ እንዴት ቻልከው?»

ኢያቄም ጥያቄው አልከበደውም፤ ፈታ አለ። «ይለመዳል። መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያይብኝ ይመስለኝ ነበር። ስቀመጥም፣ ከመኪና ስወርድም ኮቴን እጎትታለሁ። እያደር ግን አካሌ ሆነች። ሳልይዛት ስወጣ ራቁቴን የሄድኩ ይመስለኛል። ክላሽ ቤት ይቀመጣል፤ ትንሿ ግን ገበያም፣ ለቅሶም አብራኝ ናት።»

«አጉርሰህ ነው?»

«እንዴታ! ያልጎረሰች ሽጉጥ ምን ትሠራልኛለች? ጠላት ሲመጣብኝ ቆይ ላቀባብል ልለው ነው? አረጋን ስንቴ መከርኩት።»

«አሁን የታለች?»

«እርቅ ነው ብዬ ቤት ትቻት መጣሁ።»

ክርኑ ወደ ጎኑ ይበልጥ ተጣበቀ። ዓይናዲስ ያንን ክርን ታውቀዋለች። እሷም ሽጉጥ በታጠቀች ሰሞን፣ ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሲገፋት በክርኗ እየሸፈነች ነበር የምትሄደው። በጉ ሲፈራገጥ ኢያቄም ጎንበስ ብሎ የላላውን ገመድ በግራ እጁ ሲያጠብቀው ቆማ አየችው።

በዚህ መሐል የግቢው በር ከማጠፊያው ተነቀለ። ድንጋይ ዘነበ። አንዱ ድንጋይ ምስክርን ግንባሩ ላይ አገኘውና ከነክራንቹ ተዘረረ፤ ፊቱ በደም ታጠበ። አንድ ጎረምሳ ጠመንጃውን አቀባብሎ ሲያነጣጥርበት ቄስ ሰይፈ ሥላሴ እጃቸውን ዘርግተው በላዩ ቆሙ።

«መጀመሪያ እኔን!» አሉ። «ከዚያ እሱን!»

ዓይናዲስ እየሮጠች ደረሰችና አፈሙዙን በእጇ ወደ ሰማይ ገፋችው። ጥይቱ ከራሷ በላይ ጮኸ። ጆሮዋ እየተንጫጫ ጠመንጃውን ከልጁ ነጠቀችው።

«በእውቀቱ!» አለች። «የወንድምህን ገዳይ ትፈልጋለህ? እኔም እፈልጋለሁ። ጠመንጃችሁን በር ላይ ጥላችሁ ግቡ። ስነግራችሁ ስሙኝ። ካላመናችሁኝ ከዚያ በኋላ እንደወደዳችሁ።»

በእውቀቱ አመነታ። ጥይት ጆሮዋ ሥር ጮኾ ያልተንበረከከች ሴት ፊት ቆሞ እንቢ ማለት ከበደው። ጠመንጃውን በሩ ሥር አስቀመጠ፤ የቀሩትም እሱን ተከተሉ።

ሁሉም ግቢው መሐል ተሰበሰቡ። ሰብሌ ከወጥ ቤቱ መጣች፤ ምስክር ግንባሩን በቄሱ ነጠላ ታስሮ ተቀመጠ። ኢያቄም ከጓሮ ተጠርቶ ከዘመዶቹ ፊት ቆመ። ዓይናዲስ በአዳም ጆሮ አንድ ነገር ብላ ከኢያቄም በስተግራ አቆመችው። ከዚያ ከአረጋ እጅ የወሰደቻትን ሽጉጥ ከመሐረቡ ፈትታ ከፍ አድርጋ አሳየች።

«አረጋ ራሱን አላጠፋም» አለች። «የሞተባት ሽጉጥ የእሱ አይደለችም።»

«የእሱማ ናት!» አለ በእውቀቱ። «ስንቴ በእጄ ይዣታለሁ!»

«መንታዋ ናት። ወገብ ላይ የምትውል ሽጉጥ አንዱ ጎኗ ገላ ይነካል፣ ሌላው ልብስ። ገላ የሚነካውን ላብ ይበላዋል። አረጋ በቀኝ ወገቡ ነበር የሚይዛት፤ ሰብሌ ስንት ሱሪ እንዳለቀበት ታውቃለች። በቀኝ ለታጠቀ ሰው ገላ የሚነካው ጽሑፍ ያለበት ግራ ጎኗ ነው። የእኔን እዩ።» የራሷን መዝዛ አሳየች፤ ጽሑፉ ተበልቶ በግድ ነው የሚነበበው። «ይቺ ግን ጽሑፏ ንጹሕ ነው፤ የተበላው ሌላው ጎኗ ነው። ይቺ ሽጉጥ በግራ ወገብ የኖረች ናት።»

ሰብሌ ቀስ ብላ ራሷን ወደ ኢያቄም አዞረች።

«ሁለተኛ፣ የተተኮሰው አፈሙዙ ቆዳውን ነክቶ ነው። አረጋ ምስክርን እስከዚያ ያስጠጋዋል? ክራንቹን ሲሰማ ሽጉጡን ይመዝ ነበር። የገደለው ፊት ለፊቱ በርጩማ ስቦ፣ ጉልበት ለጉልበት የተቀመጠ፣ የሚያምነው ሰው ነው። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ግራኝ ደግሞ የሚቀርበው የሟቹ ቀኝ ጆሮ ግንድ ነው። በሰብሌ ፊት ወደ ጓሮ ወጣ፤ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ፤ ተኮሰ። የራሱን ሽጉጥ ለሟቹ አስጨብጦ የሟቹን ከአፎቱ ወስዶ ታጠቀ፤ መንታ ናቸውና ማን ይለያል? ከዚያ በጓሮ በር ወጥቶ፣ ሰብሌ እየሮጠች ስትገባ ገና እንደደረሰ ሰው አብሯት ገባ።»

«ሐሰት ነው!» አለ ኢያቄም። «ለምን ብዬ ነው ወንድሜን የምገድለው?»

«ዛሬ መስቀል ይዘህ ልትምል ስለነበር። ምስክር ከገደል ማዶ ተኮሰ አልክ። አባ ግን የአለሜን ኩታ ተቃጥሎ አይተውታል። ከማዶ የመጣ ጥይት ልብስ አያቃጥልም። አለሜን የመታው አጠገቡ የነበረ ሰው ነው፤ አጠገቡ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። አረጋም ይህን ስለደረሰበት—»

ኢያቄም ኮቱን ገለጠ። ግራ እጁ ከወገቡ ሽጉጥ ይዞ ወጣ። አፈሙዙን በዓይናዲስ ደረት ላይ ደግኖ ቃታውን ሳበ።

ጠቅ አለች። ደግሞ ሳበ፤ ጠቅ አለች። ሊያቀባብል ቀኝ እጁን ሲሰነዝር የአዳም የጠመንጃ ሰደፍ ግራ አንጓው ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ሰማ። ሽጉጧ ዓይናዲስ እግር ሥር ወደቀች።

ዘመዶቹ እንደ ጎርፍ ተደፉበት። በእውቀቱ ፀጉሩን ጨብጦ ፊቱን ከድንጋዩ ጋር አጋጨው፤ ጥርሱ ረገፈ። አንዱ ጩቤ አወጣ። ዓይናዲስ ጉልበቷን የኢያቄም ጀርባ ላይ አሳርፋ በላዩ ሆነች።

«የሚወጋው እኔን ወግቶ ይለፍ!» አለች። «ነግሬያችኋለሁ፤ አይታችኋል። የቀረው የፍርድ ቤት ነው።»

ከመሬት ያነሳቻትን ሽጉጥ ለበእውቀቱ ዘረጋችለት። ግራ ጎኗ ላይ ያለው ጽሑፍ በዝገት ተበልቷል። በእውቀቱ አገላብጦ አያት፤ ኢያቄምን ለቀቀው።

«አለሜን መግደል አልፈለግሁም» አለ ኢያቄም አፉ በደምና በአፈር ተሞልቶ። «ቁልቁለቱን ስንወርድ አዳልጦኝ ወደቅኩ። ሽጉጧ ከወገቤ ስትወጣ ልይዛት ቃታውን ጨበጥኩት። አለሜ ሊያነሳኝ ጎንበስ ብሎ ነበር። እጄ ላይ ሞተ። ለአረጋ ምን ልበለው? የምስክርን ስም ጠራሁ። አንድ ጊዜ ከጠራሁት በኋላ መመለሻ አልነበረኝም። ዛሬ ‹ማልልኝ› ሲለኝ እጄ መስቀሉን እንቢ አለ። አየኝ፤ አወቀ። ‹ለምስክር ራስህ ንገረው› ብሎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ያለቅስ ነበር። ዓይኑን እንደጨፈነ ወጥቼ በጓሮ ተመለስኩ።»

ሰብሌ ይህን ስትሰማ ጮኸች፤ ቄሱ ደገፏት።

ኢያቄምን መኪና ላይ ከጫኑት በኋላ አዳም ፊቱን አኮሳትሮ ወደ ዓይናዲስ ቀረበ። «ወገቡ ላይ እንዳለች ካወቁ ለምን አስቀድመን አልፈተሽነውም? ሊገድልዎት ነበር እኮ!»

«እኛ ብናወጣት ‹ፖሊስ ናት ያስቀመጠችበት› ብለው ብልባላ ይወርዱ ነበር። በገዛ እጁ ሲያወጣት ማየት ነበረባቸው። አረጋ ደግሞ አያጎርስም። ኢያቄም የራሱ ሁልጊዜ ስለምትጎርስ የወሰዳትን አልፈተሻትም ብዬ ነው።»

«ፈትሿት ቢሆንስ?»

ዓይናዲስ የራሷን ሽጉጥ ከወገቧ አውጥታ የመኪናው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

በማግስቱ አረጋ ተቀበረ። ዓይናዲስ ነጠላ ደርባ ከለቀስተኛው ኋላ ነበረች። ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ሲወርድ ሰዉ ከኋላ ተሰነጠቀ፤ ምስክር ግንባሩ እንደታሰረ በክራንቹ እየተወላከፈ መጣ። ማንም አልከለከለው። ሰብሌ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆና እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል በእጁ አቆማት።

«ተዪ» አላት። «ስለ እግሬ ይቅር ብዬዋለሁ ብልሽ እዋሻለሁ። ሌሊት ሌሊት ይበላኛል፤ ላከው እልና ባዶ ቦታ እጨብጣለሁ። ግን ሳይቀበር ልየው ብዬ ነው የመጣሁት። በሁለታችንም ነው ያ ሰው የተጫወተው።»

አፈር ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ክራንቹ በተቆፈረው አፈር ላይ ሸሸበት። በእውቀቱ ነበር ቅርብ። ትናንት ቤቱን ሊያነድ የዛተው ሰው ብብቱ ሥር ገብቶ ደገፈው። ምስክር ክብደቱን ጣለበት፤ አንድ እፍኝ አፈር ዘግኖ ጉድጓዱ ውስጥ በተነ። ከዚያ አንድ ደገመ። በእውቀቱ እስኪጨርስ ድረስ ፊቱን አዙሮ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ እንደተሸከመው ቆመ።